የዕቅድ ውይይት፦ የቲ ታውሪ ደቡብን ጥንድ እንያዝ?

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የወጣት ኮከቦችን መጠነ ቁስ (ማስ) ከምሕዋራቸው ለማስላት ያሰብነው የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ሦስት ጥንድ ኮከቦች ተጠቁመው ነበር፤ እኔ አንዱን ብቻ እንያዝ ባይ ነኝ፦ ቲ ታውሪ ደቡብ የሚባሉትን፣ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ወጣት ኮከቦች። ሁለቱ ተለያይተው የታዩት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ዙር የሚፈጅባቸው 27 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ዙሩ ሞልቷል! ሩብ መንገድ ብቻ የታየ ጥንድ ምሕዋሩ ግምት ነው የሚሆነው። ይኼኛው ግን ዞሮ መጥቶልናል።

ከስሌት ቡድን
እስማማለሁ። ሒሳቡን ለአዲስ አባላት እንዲህ እንጻፈው። በመካከላቸው ያለው አማካይ ርቀት፣ መሬት ከፀሐይ ያላት ርቀት 12 እጥፍ ያህል ነው። ርቀቱን ሦስት ጊዜ፣ የዙሩን ዓመት ሁለት ጊዜ እናባዛለን፦ 12 × 12 × 12 = 1,728። 27 × 27 = 729። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍለው 2.4 ገደማ። የሁለቱ ድምር መጠነ ቁስ ይኸው ነው፤ 2.4 ፀሐይ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ያወረሰን ሚዛን እስከዛሬ ይሠራል።

አንጋፋ አባል
ልጆች፣ እንጦጦ ላይ እኮ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ጥንዱ ያለበት ታውረስ የተባለው የኮከቦች ስብስብም ክረምቱ አልፎ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ አናታችን ላይ ነው። ለምን እዚሁ አንለካም?

አስተባባሪ
ጋሼ፣ እኔም በጣም እመኘው ነበር። ግን ይህ ጥንድ በአቧራ ስለተሸፈነ በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው ብርሃን) ካልሆነ አይታይም። ክፍተቱም 0.1 አርክሰከንድ ገደማ ነው (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3,600 ነው)። ያንን ለመለየት ሃዋይ እንዳለው ኬክ ያለ ባለ 10 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ያውም የአየሩን መንቀጥቀጥ የሚያርም መስታወት ያለው፣ ያስፈልጋል። እኛ የታተሙትን ልኬቶች ሰብስበን እናስላ።

ከስሌት ቡድን
አንድ ነገር ረቂቁ ላይ ጎድሏል። ድምሩ ብቻ አይበቃም። የእያንዳንዱን ለማወቅ፣ ሁለቱ ከጎናቸው ካለው ሦስተኛ ኮከብ፣ ከቲ ታውሪ ሰሜን አንጻር እንዴት እንደሚወዛወዙ ማየት አለብን። ከባዱ ትንሽ ነው የሚወዛወዘው፣ ቀላሉ ብዙ። በዚህ መንገድ ትልቁ 2 ፀሐይ ገደማ፣ ትንሹ ከግማሽ ፀሐይ ብዙም ያልራቀ ሆኖ ተገኝቷል። የወጣት ኮከብ መጠነ ቁስ ብዙ ጊዜ የሚገመተው ከድምቀቱና ከሙቀቱ፣ በሞዴል ነው። ሞዴሉ ልክ መሆኑን የምናውቀው ግን እንዲህ በምሕዋር ስንመዝን ነው። ለእኔ የዕቅዱ ልብ ይህ ነው።

ጥንዱ ከእኛ ያለው ርቀትም መጀመሪያ ይጻፍ። እዚያ ላይ 1 በመቶ ብንስት መጠነ ቁሱ ላይ 3 በመቶ እንስታለን። ደግነቱ በራዲዮ ቴሌስኮፖች በደንብ ተለክቷል፤ 480 የብርሃን ዓመት ገደማ።

አንጋፋ አባል
ገባኝ። እንግዲያው ለእንጦጦ ዲኪው ታውሪን እንጠይቅ። ወጣት ጥንድ ነው፣ በ15.8 ቀን ይዞራል፤ ሲቀራረቡም ብዙ ጊዜ ይደምቃል። መለየት አይጠበቅብንም፣ ድምቀቱን መከታተል ብቻ።

አስተባባሪ
በጣም ጥሩ! ክፍል ሁለት ይሁን። መጠነ ቁስ እንለካለን አንበል፤ ምሕዋሩ ድምቀቱን እንዴት እንደሚለውጥ እናያለን። ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉት። የሚቀራረቡባቸውን ቀኖች ዝርዝር ነገ እልክልዎታለሁ።