ማልታ ላይ ፓስቲትሲና የቤት ፓስታ የት ይበላ?

ፓስቲትሲውንም (በአይብ ወይም በአተር ተሞልቶ የሚጋገረውን የማልታ መክሰስ)፣ በእጅ የተሠራውን ፓስታውንም አንድ ካፌ ተቀምጬ ልጨርስ ካላችሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ይጎድልባችኋል። እኔ የምመክረው ፓስቲትሲውን ራባት ከተማ፣ ፓስታውን ደግሞ ጎዞ ደሴት ተሻግራችሁ እንድትበሉ ነው።

ራባት ውስጥ ምዲና ከምትባለው አሮጌ ባለ ግንብ ከተማ በር ብዙ ሳትርቁ ክሪስታል ፓላስን ታገኛላችሁ፤ አገሬው ኢስ-ሰርኪን ይላታል። ጠባብና ጌጥ የሌላት ቤት ናት። ግን ገበያዋ ስለማይቆም ፓስቲትሲው ከምድጃ በትሪ እየወጣ እዚያው ያልቃል፤ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አይውልም። ወሳኙም ይሄ ነው። ሊጡ በስብ እየተቀባ፣ እየተሳበና እየተጠቀለለ ስለሚሠራ፣ ትኩሱን ስትነክሱት ንብርብሩ እየተፈረካከሰ ልብሳችሁ ላይ ይረግፋል። የቆየው ግን ይለጠጣል፣ ስቡም ላንቃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የትም ሱቅ ብትገቡ አሁን የወጣ እንዳለ ጠይቁ፤ ከሌለ መጠበቅ ይሻላል።

ዓይነቱ ሁለት ነው። መሃሉ ከፈት ያለው በሪኮታ የተሞላ ሲሆን፣ ሪኮታው ለስለስ ያለ የኛን አይብ ይመስላል። ጎኑ ላይ የተዘጋው በሽንኩርት የላመ አተር አለው። እኔ አተሩን አስበልጣለሁ፤ ቅመሙ ደፈር ያለ ነው፣ ቶሎም አይሰለችም። ውስጡ በጣም ስለሚፋጅ ለልጆች ከመሃል ቆርሳችሁ አቀዝቅዙላቸው። አጠገቡ ሻይ በወተት እዘዙ፤ በብርጭቆ ነው የሚመጣው። ቅርፊቱ የሚረግፈው ካልተመቻችሁ ቃሳታት አለ፤ ክብ ነው፣ ሊጡም ጠንከር ያለ ነው፣ ለመንገድ ይሆናል።

ዋና ከተማዋ ቫሌታ ያለው ካፌ ኮርዲና እ.ኤ.አ. በ1837 የተመሠረተ ነው፤ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ አደባባዩ ላይም ወንበር የተዘረጋለት። እንግዳ ይዛችሁ ተረጋግታችሁ ለመጫወት ጥሩ ነው። ለፓስቲትሲ ብቻ ከሆነ ግን ራባት ትበልጣለች፤ ዋጋውም እዚያ ይቀላል።

ወደ ፓስታው ስንመጣ፣ ጎዞ ላይ ቪክቶሪያ ከተማ ምሽጉ ውስጥ ታ ሪካርዱ የምትባል ቤት አለች። ራቪዮሊው የሚሞላው ጅበይና በሚባለው የደሴቲቱ ትንሽ ክብ አይብ ነው። ከሪኮታው ይልቅ ጣዕሙ ጎላ ይላል፤ በቲማቲም ስጎ ብቻ ሲቀርብ አይቡ ራሱን ችሎ ይሰማችኋል። ዳቦና የአይብ ሳህን ጨምራችሁ ለሁለት ብትካፈሉ ትጠግባላችሁ። ቲምፓና የሚባለውም በየቦታው አለ፤ መኮሮኒ ከተፈጨ ሥጋና ከእንቁላል ጋር በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ነው። ከባድ ምግብ ስለሆነ ለምሳ እንጂ ለእራት አልመክረውም።

አሁን ለኛ ሰው የግድ መነገር ያለበት። ማልታ ውስጥ ፓስታ በጥንቸል ስጎ በብዛት ይቀርባል፣ ቲምፓናው ውስጥም የአሳማ ሥጋ ሊኖር ይችላል። የፓስቲትሲው ሊጥ በጥንቱ አሠራር በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፤ ዛሬ ብዙዎች ማርጋሪን ይጠቀማሉ፣ ግን ሁሉም አይደሉም። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እንግሊዝኛ የአገሪቱ መደበኛ ቋንቋ ስለሆነ አትቸገሩም፤ ሻጮቹም ጥያቄውን ለምደውታል። የአተሩንም ቢሆን ሊጡን ሳታጣሩ የጾም ነው ብላችሁ አትቁረጡ።

ለጿሚ የምጠቁመው ፍቲራ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ጠፍጣፋ ዳቦ። ጎዞ ናዱር መንደር ያሉት መክረንና ማሾክ ዳቦ ቤቶች ስስ የድንች ቁራጭ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ወይራ አድርገው ይጋግሩታል። አይብ፣ እንቁላልና ዓሣ እንዳይገባበት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንቾቪ የምትባለዋ ትንሽ ዓሣ ሳትጠየቅ ትገባለች።

ወደ ጎዞ መርከቡ ከቺርኬዋ ወደብ ይነሳል፣ ጉዞው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። የጎዞ ሰዎች ቪክቶሪያንም ራባት ነው የሚሏት፤ ከሰው ጋር ስትቀጣጠሩ የትኛዋን ራባት ማለቱ እንደሆነ አጣሩ፣ አለዚያ አንዳችሁ አንደኛው ደሴት ላይ ትቀራላችሁ።