ያልተገረዘ ልጄ ብልቱ ቀልቶ ሲሸና ያቃጥለዋል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እናት፣ ከፒያሳ)

ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ያለ ጊዜው ተወልዶ ክብደቱ አነስተኛ ስለነበር በስምንተኛው ቀን ሳይገረዝ ቀረ፤ ከዚያም ዛሬ ነገ ሲባል እስካሁን ቆየ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የሸለፈቱ ጫፍ ቀልቶ ትንሽ አብጧል፤ ሲሸናም ያቃጥለኛል እያለ ያለቅሳል። ትኩሳት የለውም፣ ሽንቱም ይወርዳል። አማቴ ቆዳው ወደ ኋላ ተስቦ በሳሙናና በሎሚ መታጠብ አለበት ይላሉ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ካልተገረዘ አይድንም ይሉኛል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን የማጥበው በሳፋ ነው። ዴቶል ልጨምርበት? የማንንስ ምክር ልከተል?

መልስ (ጡረታ የወጡ ነርስ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሸለፈቱን ማንም እንዳይስበው ያድርጉ። ወንድ ልጅ ሲወለድ የሸለፈቱ ውስጠኛ ክፍል ከብልቱ ጫፍ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በራሱ ጊዜ፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚላቀቅ ሲሆን፣ በአንዳንድ ልጆች እስከ ጉርምስና ድረስ ሊዘገይ ይችላል። በግድ ሲሳብ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፣ ሲድንም ጠባሳ ትቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከዚህም የከፋው፣ ወደ ኋላ ሄዶ አልመለስ ሲልና የብልቱን ጫፍ አንቆ ሲይዘው ነው፤ ያኔ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ያስፈልጋል። ሎሚው ለሰላጣ ይቀመጥ፤ ሳሙናውም ዴቶሉም የተቆጣውን ቆዳ ይበልጥ ያስቆጡታል።

በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ሳፋ ውስጥ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ማቃጠሉን ፈርቶ ሽንቱን የሚይዝ ከሆነ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዲሸና ይፍቀዱለት። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት ልብስ ሲያለቀልቅ ውሃ መቆጠቡ አይቀርም፤ በፓንቱ ላይ የሚቀረው የዱቄት ሳሙና ግን ለዚህ ዓይነቱ መቆጣት አንዱ ምክንያት ስለሆነ፣ ቢያንስ የእሱን ፓንት ደጋግመው ያለቅልቁለት፤ ልቅ ያለ የጥጥ ፓንትም ያልብሱት።

መልስ (የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከካዛንቺስ)

ብዙ ወላጆች መጥተው የሚቀባ ነገር ብቻ ስጡን ይላሉ። መቅላቱ ከሳሙና፣ ከፈንገስ ወይም ከባክቴሪያ ሊመጣ ስለሚችልና የየራሱ ሕክምና ስላለው፣ በተለይ ስቴሮይድ ያለበትን ድብልቅ ቅባት ሐኪም ሳያየው አይቀቡት። ስስ የቫዝሊን ሽፋን ግን አይጎዳውም። ለሕመሙ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ይበቃዋል፤ መጠኑ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊ ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ያልበለጠ ነው። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳያነቡ በማንኪያ አይስጡ።

መልስ (አባት፣ ከአራት ኪሎ)

ግርዛቱን በተመለከተ፣ ያበጠ ቆዳ ላይ ከማስቸኮል መጀመሪያ እስኪድን መጠበቅ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከወሰነ፣ በዚህ ዕድሜ ማደንዘዣ ባለበት የጤና ተቋም እንጂ ቤት ውስጥ እንዳይሆን።

ጥያቄ (እናት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቆዳው ሥር ነጭ ፍሬ የመሰለ ነገር ይታየኛል፤ ሲሸናም ጫፉ እንደ ፊኛ ይነፋል። መግል ይሆን?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)

ነጩ ነገር ሸለፈቱ ሲላቀቅ የሚከማች የሞተ ቆዳ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ስለሚወጣ አይጭመቁት። መነፋቱም ሕመም ከሌለውና ሽንቱ በደንብ ከወረደ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ቢጫ ፈሳሽ ሽታ ይዞ ከወጣ ግን መግል ሊሆን ይችላልና ያስመርምሩት።

በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ወስደው ሽንቱን ያስመርምሩለት። ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ ወደ ሆዱ ወይም ወደ ቆለጡ ከተስፋፋ፣ ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና ግን ሪፈር ወረቀት ሳይጠብቁ ለእርስዎ ወደሚቀርበው፣ ወደ የካቲት 12 ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከዳነ በኋላ እየተመላለሰ ካስቸገረው፣ በተለይም ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ፣ የደም ስኳሩም ይለካ።