የጨረቃ ተልእኮዎችን ሁሉ በአንድ ካርታ፦ ነጥቦቹ ለምን ከቦታቸው ይሸሻሉ?

ካርታ_ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሉና 2 (1959) ጀምሮ እስከ ቅርቦቹ የግል ኩባንያ መንኮራኩሮች ድረስ ጨረቃን የነኩትን ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር አንድ ካርታ ላይ እያሰፈርኩ ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ሆኖ 1 ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ለሳይንስ ክበብ ግድግዳ ይታተማል። ሦስት ነገር አልገጥም ብሎኛል።

የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች ቀድሞ እዚያ ያረፈው ሰው አልባ መንኮራኩር ሰርቬየር 3 ድረስ በእግራቸው ሄደው ካሜራውን ፈትተው አምጥተዋል። በእኔ ካርታ ግን በሁለቱ መካከል 12 ኪሎ ሜትር አለ። ያስገባሁት አፖሎ 12ን 3.0124 ደቡብ፣ 23.4216 ምዕራብ፤ ሰርቬየር 3ን 2.94 ደቡብ፣ 23.34 ምዕራብ ብዬ ነው።

የቻይናው ቻንግኧ 6 ደግሞ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ወጥቷል። ኬንትሮሱ 206.01 ተብሎ ነው የተጻፈው።

ሦስተኛው ቀን ነው። ሉና 2 የወደቀው አንዱ ጋ ሴፕቴምበር 13፣ ሌላው ጋ 14 ይላል። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲዞርስ 1951 ነው ወይስ 1952?

ነጥብ_በነጥብ

12 ኪሎ ሜትሩ የሁለት ችግሮች ድምር ስለሆነ ለየብቻ ይፍቷቸው።

መጀመሪያ መለኪያውን ያስተካክሉ። ኪውጂአይኤስ ካልተነገረው ርቀትን የሚያሰላው በምድር ቅርጽ ነው። የምድር ራዲየስ 6371 ኪ.ሜ.፣ የጨረቃ 1737.4 ኪ.ሜ. ስለሆነ ርቀቱ ሁሉ 3.67 ጊዜ ተነፍቶ ይወጣል። ፕሮጀክት ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ጄኔራል» የሚለውን ከፍተው ኤሊፕሶይዱን (ርቀት የሚሰላበትን የሉል ቅርጽ) ወደ ጨረቃ ይለውጡ፤ ከዝርዝሩ ካጡት በሁለቱም የራዲየስ ሳጥኖች 1737400 ሜትር ይሙሉ። የነጥቦቹን ሌየር (ንብርብር) ደግሞ በአይኤዩ (የዓለም አቀፉ ሥነ ፈለክ ማኅበር) 2015 ሥር ባለው 30100 ኮድ ያስመዝግቡ። ሌየሩ በምድር ኮድ እንደተመዘገበ ቢቀር ነጥቦቹ ዓይን ላይ ትክክል ስለሚመስሉ ስህተቱ አይታወቅም፤ የሚታየው ርቀት ሲለኩ ብቻ ነው።

ይህን ሲያደርጉ 12ቱ ወደ 3.3 ኪ.ሜ. ይወርዳል። የቀረው የሰርቬየር ቁጥር ጥፋት ነው። ጨረቃ ላይ 1 ዲግሪ ኬክሮስ 30.3 ኪ.ሜ. ነው፤ 0.01 ዲግሪ 303 ሜትር፣ 0.0001 ዲግሪ 3 ሜትር። 2.94 እና 23.34 ጨረቃን ከሚዞረው የናሳ ሳተላይት ከኤልአርኦ በፊት የነበሩ ግምቶች ናቸው። ኤልአርኦ በ2009 ከተላከ ወዲህ አንድ ፒክስል ግማሽ ሜትር በሚሆንባቸው ፎቶዎች መንኮራኩሮቹ ራሳቸው ታይተዋል። አዲሱ የሰርቬየር 3 ቦታ 3.0162 ደቡብ፣ 23.4180 ምዕራብ ነው። ይህን ሲያስገቡ ርቀቱ 160 ሜትር አካባቢ ይመጣል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሁለት የማጣቀሻ ሥርዓቶች አሉ። ካርታ ሠሪዎች የሚጠቀሙት ወደ ምድር በሚያይ አማካይ አቅጣጫ ላይ የቆመውን ነው፤ የሌዘር ርቀት ለኪዎች ደግሞ የጨረቃን ክብደት ሥርጭት የሚከተለውን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሌዘርን ወደ ምድር እንዲመልሱ ጨረቃ ላይ የተቀመጡትን መስታወቶች ቦታ ከሌዘር ጥናት ላይ ገልብጠው በቀጥታ ካስገቡ አፖሎ 11፣ 14 እና 15 ላይ ይህ መዛነፍ ይመጣል።

ስለዚህ ሰንጠረዥዎ ላይ ሦስት ዓምዶች ይጨምሩ፦ ቦታው እንዴት ታወቀ፣ ስህተቱ ስንት ሜትር ሊሆን ይችላል፣ በየትኛው ሥርዓት ተለካ። እነዚህ የሌሉት የጨረቃ ካርታ በፎቶ የታየውንና በራዲዮ የተገመተውን እኩል ያስመስላል፤ ይህ ለተማሪ መሰጠት የለበትም። በፎቶ የተረጋገጠውን በሙሉ ነጥብ፣ የተገመተውን የስህተቱን ያህል ስፋት ባለው ባዶ ክብ ይሣሉ። ለምሳሌ ሉና 9 በሰላም ያረፈ የመጀመሪያው መንኮራኩር ነው፤ 7.08 ሰሜን፣ 64.37 ምዕራብ የሚለው ግን የ1966 ግምት ስለሆነ ክብ ይገባዋል። የሶቪየቱ ተሽከርካሪ ሉኖኮድ 1ም ለአርባ ዓመት ገደማ እንዲሁ ነበር። መስታወቱ በሌዘር የተገኘው በ2010 የኤልአርኦ ፎቶ ቦታውን ካሳየ በኋላ ነው።

ሰሜን_ዋልታ

206.01ን በተመለከተ፦ ምንጩ ኬንትሮስን ከ0 እስከ 360 ወደ ምሥራቅ ይቆጥራል፣ የእርስዎ ካርታ ደግሞ ከ180 ምዕራብ እስከ 180 ምሥራቅ። ከ180 ከበለጠ 360 ይቀንሱ፤ 153.99 ምዕራብ ይሆናል። ሥራውን በፊልድ ካልኩሌተር ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይሥሩት፣ በእጅ አይንኩት።

ለማረጋገጫ ቀላል መንገድ አለ። ከ90 ዲግሪ በላይ ያለ ኬንትሮስ ሁሉ ከምድር የማይታየው ገጽ ነው። እዚያ በሰላም ያረፉት ቻንግኧ 4 (2019) እና ቻንግኧ 6 (2024) ብቻ ናቸው፤ ሌላ ያረፈ መንኮራኩር እዚያ ካዩ ኬንትሮሱ ተሳስቷል ማለት ነው። የተከሰከሱት ግን አሉ፤ ሬንጀር 4 በ1962 እዚያ ወድቋል። የቆየ ሰነድ ሲያነቡ ምሥራቅና ምዕራብን በተለይ ይጠንቀቁ። እስከ 1961 ድረስ የጨረቃ ምሥራቅ የሚባለው ከምድር ሰማይ አንጻር ስለነበር ከዛሬው ተቃራኒ ነው። ማሬ ኦሪየንታሌ፣ ማለትም የምሥራቅ ባሕር፣ ዛሬ በምዕራብ ጠርዝ ላይ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሕንዱ ቻንድራያን 3 (69.37 ደቡብ) ያለበት አካባቢ በአራት ማዕዘኑ ካርታ ላይ ወደ ጎን 2.8 ጊዜ ተለጥጦ ይታያል፤ የግል ኩባንያው መንኮራኩር ኦዲሲየስ ያረፈበት 80 ዲግሪ ደግሞ 5.8 ጊዜ። ለደቡብ ዋልታ በስቴሬዮግራፊክ ፕሮጀክሽን (ዋልታውን መሃል አድርጎ በሚሥለው) የተለየ ትንሽ ካርታ ይሥሩ፤ ኮዱ 30135 ነው።

ዘመን_ቆጣሪ

ሉና 2 የተጋጨው በግሪንዊች 21፡02 ላይ፣ ሴፕቴምበር 13 ነው። ሞስኮና አዲስ አበባ ሁለቱም 3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ስለዚህ እኩለ ሌሊት አልፎ 14 ሆኗል። ሁለቱም ምንጮች ልክ ናቸው። በሰንጠረዡ የግሪንዊችን ሰዓት ብቻ ይያዙ፣ ሌላውን ከእሱ ያስሉ።

ዓመቱ 1952 ነው። ሁልጊዜ 8 መቀነስ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ያሉትን ሁሉ ያበላሻል፤ በዚያ ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው። ቀኑም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1951 ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ1952 አዲስ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ስለዚህ ሴፕቴምበር 13 መስከረም 2 ይሆናል። ሁሌ ሴፕቴምበር 11ን የሚወስድ ቀመር መስከረም 3 ይልዎታል። ለማነጻጸሪያ፦ ሉና 16 ያረፈው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1970 መስከረም 10 ቀን 1963 ነው። አፖሎ 11 ያረፈው ሐምሌ 13 ቀን 1961፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5፡17 ላይ ነው። አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው ደግሞ ሐምሌ 14 ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11፡56 ላይ። የአሜሪካ ምንጮች ሁለቱንም ጁላይ 20 የሚሉት በሰዓት ልዩነት ነው።

ካርታ_ሠሪ

መለኪያው 158 ሜትር አለ፣ ቻንግኧ 6ም ቦታው ገባ። አመሰግናለሁ። ጨረቃን የዞሩትንና ጭራሽ ያልደረሱትን ግን የት ላስቀምጣቸው?

ነጥብ_በነጥብ

ሰንጠረዡን ለሁለት ይክፈሉት፤ አንዱ ለተልእኮ፣ ሌላው ለቁስ። አንድ ተልእኮ ብዙ ቁስ ይጥላል፣ ወይም አንድም አይጥልም። አፖሎ 13 አላረፈም፤ የሮኬቱ ሦስተኛ ደረጃ ግን በ1970 ጨረቃን መትቷል፣ አፖሎ 12 ትቶት የሄደው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያም ንዝረቱን መዝግቧል። ስለዚህ አፖሎ 13 ነጥብ አለው። ሁለቱን ሰንጠረዦች በዓለም አቀፉ የማስወንጨፊያ ቁጥር ያገናኙ፤ የአፖሎ 11 ቁጥር 1969-059 ነው፣ ለእያንዳንዱ ቁስ መጨረሻው ላይ ፊደል ይታከልበታል።

ከዞሩት ውስጥ ስማርት 1 (2006) እና ካጉያ (2009) በመጨረሻ ተጋጭተዋል፤ በግጭታቸው ቦታ ይሥፈሩ። የት እንደወደቀ የማይታወቀው ሉና 10 በጊዜ መስመሩ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ከምድር ዙሪያ መውጣት ያቃታቸው የሶቪየት መንኮራኩሮችም እዚያው ናቸው፤ «ሉና» ብለው ቢፈልጓቸው አያገኟቸውም፣ ኮስሞስ 60 እና ኮስሞስ 111 በሚል ስም ነው የተመዘገቡት።

ስለ ኅትመቱ፦ 1 ሜትር ወረቀት በ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) 11811 ፒክስል ነው፤ የጨረቃ ዙሪያ 10917 ኪ.ሜ. ስለሆነ በፒክስል 1 ኪ.ሜ. ያለው መደብ ካርታ ይበቃል። የ100 ሜትሩን ቢጭኑ ከ109000 ፒክስል በላይ ስፋት አለው፤ ኮምፒውተርዎን ያንቀራፍፋል እንጂ ወረቀቱ ላይ ለውጥ አያመጣም። በዚህ ሚዛን ግን 160 ሜትር ከ0.02 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ አፖሎ 12ና ሰርቬየር 3 አንድ ነጥብ ይሆናሉ። ለእነሱ በጥግ በኩል በኤልአርኦ ፎቶ ላይ የ1፡2000 ሳጥን ይሥሩ፤ እዚያ ርቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።