ፓራሲታሞል አሜሪካ ውስጥ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ሚሚ የቦሌዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሚቀጥለው ወር በዱባይ አድርገው ሜሪላንድ ይሄዳሉ፣ ሦስት ወር ይቆያሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል 500፣ ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ 50 ነው የለመዱት። ለግፊት ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። እዚያ ፓራሲታሞል የሚል ነገር የለም ይባላል፤ ምን ብለው ይጠይቁ? ከዚህስ ምን ይያዙ?

ፋርማሲስቱ
ፓራሲታሞል እዚያ አሲታሚኖፌን ይባላል፤ መድኃኒቱ ያው ነው። የታወቀው የንግድ ስሙ ታይሌኖል ነው። ሲቪኤስ፣ ዋልግሪንስ ወይም ዎልማርት ገብተው ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ ያነሱታል። አጠገቡ የሱቁ የራሱ ምርት ይቀመጣል፣ የዎልማርቱ ኢኩዌት ይባላል። ውስጡ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ይረክሳል፤ እሱን ይግዙ።

ሰው የሚሳሳተው ሚሊግራሙ ላይ ነው። ሬጉላሩ 325፣ ኤክስትራ ስትሬንግዙ 500፣ ቀስ እያለ የሚሟሟው 650 ነው። እናትሽ የሚያውቁት 500ውን ነው። ከጀርባው «ድራግ ፋክትስ» የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ መጀመሪያው ላይ ከአሲታሚኖፌን ሌላ ስም ከተጨመረ መልሰው ያስቀምጡት። ታይሌኖል ፒኤም ለምሳሌ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት አለበት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ሌሊት ሲነሳ ያንገዳግደዋል።

ጉንፋን ሲይዛቸው ደግሞ ቤተሰብ ናይኩዊል ይቀዳላቸዋል። የፈሳሹ አንድ መጠን፣ 30 ሚሊ ሊትር፣ ራሱ 650 ሚሊግራም አሲታሚኖፌን ይዟል። በላዩ ሁለት ፍሬ ታይሌኖል 500 ከተዋጠ በአንድ ጊዜ 1650 ገባ ማለት ነው። የ500ው ማሸጊያ የሚፈቅደው በ24 ሰዓት 6 ፍሬ ነው። ሲበዛ የሚጎዳው ጉበት ነው፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ብዙም ሳይታወቅ።

የዲክሎፌናክ እንክብል አሜሪካ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ያለ ማዘዣ የሚገኘው ከ2020 ወዲህ ቮልታረን የሚባለው 1 ፐርሰንት ጄል ነው። ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ። በካርቶኑ ውስጥ መለኪያ ካርድ አለ፤ ጄሉን ካርዱ ላይ እስከ መስመሩ ጨምቆ መቀባት ነው። በጣት ጫፍ ትንሽ ነክተው በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እስኪሰማ እስከ 7 ቀን ሊወስድ ይችላል።

ጎንደሬው
ፋርማሲስቱ ያላነሳውን ልጨምር። «ዲክሎፌናክ ከሌለ አድቪል ይውሰዱ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አድቪልና ሞትሪን ኢቡፕሮፌን 200፣ አሊቭ ናፕሮክሰን ሶዲየም 220 ናቸው፤ ሁሉም የዲክሎፌናክ ወገን ነው። ግፊት ይጨምራሉ፣ የኢናላፕሪልን ሥራ ያዳክማሉ፣ ኩላሊትም ላይ ይጫናሉ። የሚያሸና ኪኒን ከታከለበት ይብሳል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ዲክሎፌናኩን ራሱን ይቀጥሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ሻንጣ አዋቂ
የሚይዙትን በሙሉ ከነማሸጊያው ይያዙ። እኛ ጋ ፋርማሲው ስትሪፑን በመቀስ ቆርጦ 10 ፍሬ በትንሽ ከረጢት ይሰጣል፤ ስሙም የአገልግሎት ጊዜውም ተቆርጦ ይቀራል፣ ፈታሹ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሙሉ ፓኮ ግዢ። የኢናላፕሪሉን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማዘዣ አብራችሁ አስቀምጡ፣ መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ይዘገያል።

የሃይፋዋ
እስራኤል ለሚሄድ፦ ፓራሲታሞል እዚህ አካሞል ነው። ኦፕታልጂን ግን ዲፓይሮን የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው፣ «የራስ ምታት» ሲባል ሁለቱም ስለሚነሱ አታደባልቁ። ዲፓይሮን አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ ለእዚያ ዘመድ አትላኩ።

ሚሚ የቦሌዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ጥርሳቸውን ሲነቀሉ የታዘዘላቸው ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ 6 ፍሬ ተርፏል፣ እሱንስ ይያዙ?

ሻንጣ አዋቂ
በፍጹም! ትራማዶልና የሱው ወገን የሆነው ኮዴይን ያለበት ሁሉ ዱባይ ባለችበት ኤምሬትስ ውስጥ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ከአገሪቱ መንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተራው ፓራሲታሞል ችግር የለውም። የእጅ ቦርሳቸውን ኪስ ሁሉ ደግመሽ ፈትሺ፣ የተረሳ ፍሬም ይቆጠራል።