«የኳትሪኖ መንቁር እንኳ የለኝም» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የጣሊያንኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የኳትሪኖ መንቁር እንኳ የለኝም» የሚል ቦታ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ኳትሪኖ ወፍ ነው እንዴ? ጋሼ፣ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

መልስ፦ ወፍስ አይደለም እህቴ፣ የመዳብ ሳንቲም ነው። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ብለሽ ተርጉሚው፣ ልክክ ይላል።

ቃሉ የመጣው «አራት» ከሚለው ነው። መጀመሪያ አራት ዴናሮ የሚባል የጥንት ሳንቲም የምታወጣ ነበረች። የተለያዩ የጣሊያን ግዛቶች ኳትሪኖ ነበራቸው። የሮማው ጳጳስ እስከ 1870 እ.ኤ.አ. እንደ ንጉሥ በገዛው አገር ግን አምስት ኳትሪኖ አንድ ባዮኮ ነው። መቶ ባዮኮ ደግሞ አንድ ስኩዶ፤ እሱ ከብር ማዕድን የተሠራ ገንዘብ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ አንድ ስኩዶ ለመሙላት 500 ኳትሪኖ መቁጠር ነው!

እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። እኛ ገንዘባችንን በከበረው ማዕድን ጠርተን «ብር» አልነው። ጣሊያኖች ግን ከሁሉ ያነሰችውን መዳብ አነሱ። ዛሬም «ኳትሪኒ» ሲሉ ገንዘብ ማለታቸው ነው። ድሃ በእጁ የያዘው ቃል ነው የቀረው።

ጥያቄ፦ ተባረኩ ጋሼ! እዚያው ጽሑፍ ላይ «ሳንፒየትሪኖ» የሚልም አለ። እሱም ሳንቲም ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ሳንቲም ነው። አንድ አለኝ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጠቆር ያለ፣ ለመዳብ ሳንቲም ከበድ የሚል። በአንድ ወገን ቅዱስ ጴጥሮስ አለ፤ አፍንጫው በመዳሰስ ብዛት አልቋል። ዙሪያውን በላቲን «የሐዋርያት አለቃ» ይላል። በሌላው ወገን «ባዮኪ ዱዌ ኤ ሜዞ»፣ ሁለት ተኩል ባዮኮ። ስሙም ከጴጥሮስ ነው፤ «ሳን ፒየትሮ» ይሉታል። እመቤታችን ያለችበት የአምስት ባዮኮው ደግሞ «ማዶኒና» ይባላል።

በ1797 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ፒዮስ 6ኛ ከፈረንሳዩ ጄኔራል ከናፖሊዮን ቦናፓርት ጋር በቶለንቲኖ ከተማ ሲዋዋሉ ከባድ ካሳ ተጣለባቸው። ወርቁና ብሩ ወደ ፈረንሳዮች ሄደ። ለሕዝቡ መዳቡ ቀረ፤ በዚያ ዘመን በየከተማው ይኼው ሳንቲም ይመታ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ዛሬ ሮም ላይ «ሳንፒየትሪኖ» ብትዪ የሚያሳዩሽ መንገዱ ላይ የተነጠፈውን ጥቁር ድንጋይ ነው። ስለዚህ ጽሑፍሽን መለስ ብለሽ እዪው፤ ሰውየው ኪሱ ከተተው ወይስ ረገጠው?