የዕቅድ ውይይት፦ የሳይንስ መጻሕፍት ንባብ በአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ 2:15

የተከበራችሁ አባላት፣ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ በተነጋገርነው መሠረት ለወረዳው የምናስገባውን ሐሳብ አርቅቄዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ማኅበራችን በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:00 እስከ 11:30፣ ለነዋሪው የሳይንስ መጻሕፍት ንባብ ያዘጋጃል። ዓላማው የማኅበረሰቡን የሳይንስ ግንዛቤ ማሳደግ ነው። ወረዳው አዳራሹን በነፃ እንዲፈቅድልን፣ እንዲሁም 40 ወንበርና አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ማታ ስጡ። ማኅተም አስመትቼ ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ማታ 2:50

ጸሐፊያችን፣ ረቂቁ ንጹሕ ነው፤ ወረዳው አይመልሰውም። ሰው ግን አይመጣም። «የማኅበረሰቡን የሳይንስ ግንዛቤ ማሳደግ» ሲባል እኔ የምሰማው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊመክሩኝ እንደሆነ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ዕቁብ የሚጣልበት ሰዓት ነው። ለመጽሐፍ ከያዝነው 9,000 ብር ላይ አንድ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት ይህ ይመለስልኝ፦ ልብ ወለድ እያለ ሰው የሳይንስ መጽሐፍ ለምን ያነባል? ክፉ አትበሉኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ኬሚስትሪ አስጠልቶኝ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ የተደበቅሁ ሰው ነኝ።

ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ሕንፃ 12፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ገንዘብ ያዣችን እውነትህን ነው። ያስጠላህም እንደ እኔ ያለ መምህር ሳይሆን አይቀርም። ልናዘዝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «አዋሽ አያቴ ዘንድ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፤ እዚህ ለምን ይዘገያል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሰሌዳው ላይ ስለ ግፊት ቀመር እየጻፍሁ ነበር። «ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልሁት። ልጁ የጠየቀኝ ግን ስለዚያው ስለ ግፊት ነበር! የአዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ 97 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና እዚያው ይቆማል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትቆሰቁሰው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። እንጦጦ አናት ላይማ 90 አይሞላም። ባቄላው የሚዘገየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚቀቀለው ሙቀቱ ባነሰ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው ክዳነ ጥብቅ ድስት የሚያፈጥነውም ለዚሁ ነው፤ የጎደለውን ግፊት ይተካል።

ለተራ አንባቢ የተጻፈ ጥሩ የሳይንስ መጽሐፍ ከባቄላው ይነሳና ወደ ቀመሩ ይወስድሃል። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ከቀመሩ ይነሳል፤ ባቄላው ዘንድ ሳይደርስ ደወሉ ይደወላል።

ማን ያነባል ላልኸው ደግሞ፦ ማይክል ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ለመልመድ ገባ፤ ሊጠረዙ የመጡትን መጻሕፍትም ያነብ ጀመር። ከእነርሱ አንዱ ጄን ማርሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው ነው። አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተጨዋወተች የምታስረዳበት መጽሐፍ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሲታተም የደራሲዋ ስም እንኳን አልነበረበትም። ያ ጠራዥ ልጅ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1831 ዛሬ አብዛኞቹ የኃይል ማመንጫዎቻችን የሚሠሩበትን ሕግ አገኘ። ሸምግሎም ልጆችን ሰብስቦ ስለ አንድ ሻማ ብቻ ስድስት ጊዜ ንግግር አደረገላቸው። ስድስት ጊዜ፣ ስለ ሻማ!

እንጀራ የምታቀርብ እናት፣ ሕንፃ 31፣ ማክሰኞ ማታ 3:20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልሄድሁም። እንጀራ ግን ሃያ ዓመት ጋግሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት መምህር አንድ መጽሐፍ አውሰውኝ ነበር። ስለ እርሾ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ምጣዱን አጥፍቼ ተቀመጥሁ። ጤፉን በእርሾ አቦካለሁ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ እርሱን እቀዳለሁ። ከዚያ ከሊጡ ጥቂት ወስጄ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰልሁ አበስለዋለሁ፤ በረድ ሲልለት መልሼ ሊጡ ላይ አፈስሰዋለሁ። አብሲት መጣል ይኸው ነው። ኩፍ ሲል እጋግራለሁ። አብሲት ለምን እንደሚጣል እናቴን በልጅነቴ ብጠይቃት «ዓይን እንዲያወጣ ነዋ!» ብላ ነበር ያለፈችኝ። ዓይንስ ለምን ያወጣል? ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ለካ ጤፍ የስንዴን ሊጥ እንደ ላስቲክ የሚያለጥጠው ነገር የለውም። እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ዱቄቱን እየበሉ አየር ያወጣሉ፤ ቀጭን ሊጥ ግን አየሩን መያዝ አይችልም። የበሰለው አብሲት ነው ሊጡን ወፈር አድርጎ አየሩን የሚያቅፍለት። ምጣዱ ሲግል አየሩና እንፋሎቱ ሽቅብ ይፈነዳሉ፤ የወጡበት ቀዳዳ የእንጀራው ዓይን ነው። አሁን ሊጡን አዙሬ ካፈሰስሁ በኋላ አክንባሎውን ለመድፋት አልቸኩልም። ከዳር እስከ መሐል ዓይኑ ሲበዛ ቆሜ አያለሁ። ያው እንጀራ ነው፤ ዋጋውም ያው ነው፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ገንዘብ ያዥ፣ ለምን ይነበባል ላልኸው የእኔ መልስ ይህ ነው።

መጽሐፉን ግን አልጨረስሁትም። ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ በአንድ ገጽ ሰባት የማላውቃቸው ቃላት ቆጠርሁ። ጸሐፊው ደክሞት ነው ወይስ እኔን ረሳኝ?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሕንፃ 7፣ ረቡዕ ቀን 10:05

እትዬ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳይንስን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ሸምድደን ፈተና እናልፋለን፤ ቤት ገብተን ለእናቶቻችን እንንገር ስንል አንደበታችን ይታሰራል። አማርኛውም ቢሆን መንገዱ አልተጠረገም። ጉልበት፣ ኃይል፣ አቅም የሚሉትን ሰፈር ውስጥ አንዱን በሌላው ቦታ እንጠራቸዋለን፤ ፊዚክስ ውስጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጣልያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን የተከራከረበትን መጽሐፍ የሊቃውንቱ ቋንቋ በነበረው በላቲን አልጻፈውም፤ በጣልያንኛ ጻፈው። ያውም ሦስት ሰዎች ለአራት ቀናት ሲጨዋወቱ አድርጎ። በማግስቱ ዓመት ሮም ላይ ተከሶ ዕድሜውን በቁም እስር ጨረሰ። ልብ በሉ፣ የማርሴትም መጽሐፍ ጨዋታ ነው። እኛ ደግሞ እንቆቅልሽ አለን። ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ከታናሽ እኅቴ ጋር በረንዳ ላይ ወጥተን እንዲህ ተጫወትን፦

እንቆቅልሽ? ምን አውቅልህ? ከስምንት ዓመት በፊት ከቤቱ ወጥቶ ዛሬ ማታ በረንዳችን የደረሰ።

«አገር ልስጥህ» አለች። ኮዬ ፈጬን ሰጠችኝ፤ አልፈልግም ብዬ አዳማን ተቀበልሁ። ከዚያ ሲሪየስን አሳየኋት። ሌሊት ከምናያቸው ከዋክብት ሁሉ ደማቁ እርሱ ነው፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። እኅቴ ስምንት ዓመቷ ነው። «እኔ ስወለድ የተነሳ ነው?» ብላ ዝም አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ቤት አልገባም አለች።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ «እያንዳንዱ ዝግጅት በእንቆቅልሽ ይከፈታል» ተብሎ ይጨመር። ቀመር ደግሞ ባይኖር እመርጣለሁ።

ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ረቡዕ ማታ 1:40

ልጄ፣ እንቆቅልሹን ተቀበልሁ፤ አገርም አልሰጥህም። ቀመሩ ላይ ግን አልስማማም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ጊዜ ያሳተመውን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ ቀመር ገዢውን በግማሽ ይቀንሰዋል ብለውት አንድ ቀመር ብቻ አስቀረ። መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ስንቱ ሰው እንደ ጨረሰው ግን እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ቀመሩን ስላወጣኸው ነገሩ አይቀልም። በወር አንድ ቀመር፣ ባቄላው ከበሰለ በኋላ፤ ከዚህ በታች አልወርድም።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሕንፃ 22፣ ሐሙስ ጠዋት 2:10

ሁላችሁም ስለ ጣዕሙ ተናገራችሁ፤ እኔ ትንሽ ላምርር። በየቀኑ መስኮቴ ላይ «ሳይንስ አረጋግጧል» እያለ የሚመጣ ሰው አለ። ስኳር በሽታን በአንድ ሳምንት የሚነቅል ቅጠል፣ ደም የሚያጠራ ዱቄት። የሚጠቅሱልኝ ጽሑፍ ሁሉ ጣፋጭ ነው፤ ተረክ አለው፣ ተአምር አለው። እንግዲህ ማጣፈጥ ብቻውን መለኪያ ከሆነ እነዚያ ይበልጡናል። እኛ ልንለይ የምንችለው «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብለን ስንጠይቅ ነው።

ምሳሌው እዚሁ አገራችን አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ አዲሱ ነገር ቀንድ አውጣውን የገደለው ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ ነው። አይተው ቢያወሩት ብቻ ኖሮ ተአምር ተብሎ ይቀር ነበር። እርሳቸው ቤተ ሙከራ ወሰዱት፣ ፈተኑት፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ደከሙበት። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከዚያ ወንዝ 25 ዓመት በኋላ። እኔን የሚጥመኝ ደግሞ ይኸው 25 ዓመቱ ነው። ተረኩን ያሳጠረ መጽሐፍ ሳይንሱን ጥሎት ይሄዳል።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባልኝ፦ ማንኛውም መጽሐፍ ሲነበብ እንዴት እንደታወቀ የሚናገረው ክፍል አይዘለልም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ ማታ 3:00

ተሸንፌያለሁ፤ ግን በሒሳብ ልሸነፍ። 9,000 ብሩን በሙሉ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በ4,000 ብር የምንጀምርበት ይገኛል። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ፤ ከቱሉ ዲምቱ ግን ለአንድ ምዕራፍ ብሎ ሁለት ሦስት ትራንስፖርት የሚቀይር ሰው የለም። የቀረው ለፎቶ ኮፒ፣ ለቡናና ለዕቃ ይሁን። ውሃው 93 ላይ ሲፈላ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም፤ መለኪያ ይገዛ። ቤት ያለውን የትኩሳት መለኪያ ላምጣ?

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሐሙስ ማታ 3:08

ኧረ በፍጹም! የትኩሳት መለኪያው 42 ላይ ያበቃል፤ ፈንድቶ ሜርኩሪውን ድስት ውስጥ ይደፋብናል። እስከ 110 የሚለካ የቤተ ሙከራ መለኪያ እኔ አፈላልጋለሁ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ዓርብ ቀን 6:30

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብሁ። ሰዓቱ ይለወጥ፤ ቅዳሜ 9:00 ለቅሶ ቤት ነን፣ እሑድ 9:00 ይሁን። የ«ግንዛቤ ማሳደግ» ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ለወረዳው የምንጽፈው ሰው ሊመጣበት የሚችለውን ነገር እንጂ ሪፖርት ላይ የሚያምረውን አይደለም። የእንጦጦ የከዋክብት መመልከቻ ጉዞን አንዳንዶቻችሁ በቃል ነግራችሁኛል፤ ለሁለተኛው ዓመት ይደር፤ የአውቶቡሱ ኪራይ ያስፈራኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዓርብ ማታ 2:00

የተሻሻለው እነሆ፦

«ማኅበራችን በወር አንድ እሑድ ከቀኑ 9:00 ጀምሮ የሳይንስ መጻሕፍትን ከነዋሪው ጋር በአማርኛ ያነባል። እያንዳንዱ ዝግጅት በእንቆቅልሽ ይከፈታል፤ ከቤታችን በተነሳ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ነገሩ እንዴት እንደታወቀ ይነበባል። ከባድ ቃል ያገኘ ሰው እጁን ያወጣል፤ ቃሉ በጋራ መዝገብ ላይ በቀላል አማርኛ ይጻፋል። ቀመር በወር ከአንድ አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ርእሶች፦ የባቄላው ድስት፣ የእንጀራ ዓይን፣ እንዶድና ቀንድ አውጣ። ወረዳው አዳራሹን፣ 40 ወንበርና አንድ መደርደሪያ፣ እንዲሁም ምጣድ የሚችል የኤሌክትሪክ መስመር እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን።»

እንጀራ የምታቀርብ እናት፣ ዓርብ ማታ 2:25

ተስማምቻለሁ። የእኔ ተራ የሚደርስበትን እሑድ ግን እስከ ረቡዕ ድረስ ቁርጡን ንገሩኝ፤ ሊጡን ሐሙስ ማቡካት አለብኝ። ወረዳው መልሱን ቅዳሜ ቢሰጠን ሊጡ አይጠብቀንም። አክንባሎ የሚያውሰኝም ሰው እፈልጋለሁ፤ የእኔው ጠርዙ ተሰብሯል።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ ማታ 2:31

አክንባሎ እኔ ቤት አለ። የእናቴ ነው፤ በጥንቃቄ።