ሁለት ልጅ አውስትራሊያ፣ ሁለት ልጅ ኢትዮጵያ፦ ወላጆቻችን ለወላጅ ቪዛ ይበቃሉ?

ጥያቄ (ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቼ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት እዚሁ ጅማ፣ ሕርማታ መርካቶ ነው። አምስት ልጆች ነን፦ ሁለቱ ታላላቆቼ ዜግነት አግኝተው ሜልበርን ይኖራሉ፣ አንድ ወንድሜ አዲስ አበባ ይሠራል፣ ታናሽ እህቴ ከስድስት ዓመት ወዲህ ሪያድ ናት፣ እኔ ደግሞ ከወላጆቼ ጋር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ወላጆቻችንን በቋሚነት ሊወስዳቸው ቢነሣም፣ «የቤተሰብ ሚዛን» የሚባል መለኪያ ስላለ ልጆቹ ሁሉ የት እንደሚኖሩ ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ተጠይቋል። አውስትራሊያ ሁለት፣ ኢትዮጵያም ሁለት መሆናችን ያሳልፋቸዋል? እነርሱ ከሄዱስ በኋላ እኔ በዘመድ ቪዛ ልከተላቸው እችላለሁ?

ምላሽ 1 (ከሜልበርን)

እህቴ፣ መለኪያው የሚታለፈው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። አንደኛው ከልጆቹ ቢያንስ ግማሾቹ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይም መብቱ ያላቸው የኒውዚላንድ ዜጎች ሆነው አውስትራሊያ ሲኖሩ ነው፤ ሁለተኛው አውስትራሊያ ያሉት ልጆች በየትኛውም ሌላ አንድ አገር ካሉት በቁጥር ሲበልጡ ነው። እናንተ ዘንድ ሁለት ከአምስት ግማሽ አይሞላም፤ ሁለት ለሁለትም እኩል ነው እንጂ ብልጫ አይደለም። ጅማና አዲስ አበባ በመካከላቸው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኖርም በቆጠራው አንድ አገር ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎ በእውነት ኑሮውን ሌላ አገር፣ ለምሳሌ ዱባይ፣ ቢያደርግ ስሌቱ ይለወጥ ነበር፤ ሪያድ ከሄደ ግን እዚያም ሁለት ስለሚሆኑ ያው እኩል ነው። መለኪያው በወላጆች ሕመም ወይም ብቸኝነት ምክንያት የሚነሣ አይደለም፤ እኔም ይህን የተረዳሁት እናቴን ለማምጣት ለወኪል ገንዘብ ከከፈልሁ በኋላ ነበር።

ምላሽ 2 (ከአዲስ አበባ)

ከመደመራችሁ በፊት የሚደመሩትን ለዩ። በሕይወት የሌለ ልጅ አይቆጠርም፤ በሕጋዊ ጉዲፈቻ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጠም አይቆጠርም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን መዝግቦት በካምፕ የሚኖር ልጅም እንዲሁ ከቆጠራው ይወጣል። በአንጻሩ የእንጀራ ልጅ ይቆጠራል፣ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። አባትዎ ወይም እናትዎ ከዚህ ትዳር በፊት የወለዱት አለ?

ጠያቂዋ

አለች። አባታችን እናታችንን ከማግባቱ በፊት የወለዳት ታላቅ እህታችን አጋሮ ትኖራለች። በእኛ ቤት «የእንጀራ» የሚለው ቃል ስለማይነሣ አምስት ብዬ ስጽፍ እርሷን መዝለሌ አልታወቀኝም ነበር። ወንድሜ ግን ሲነገረው፣ እናታችን ብቻዋን ብታመለክት እህታችን ሳትጻፍ ትቅር የሚል ሐሳብ አነሣ።

ምላሽ 3 (ከሜልበርን)

ይህን እንዳታደርጉት። የባልዋ ልጅ ስለሆነች፣ እናትዎ ብቻዋን ብታመለክትም ትቆጠራለች፤ ስለዚህ ሁለት ከስድስት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ሦስት ትሆናላችሁ። መደበቁ ደግሞ ከመውደቁ የባሰ ነው፦ ወንድምዎ ራሱ ሲመጣ በሞላው ቅጽ ላይ ወንድሞቹንና እህቶቹን ዘርዝሮ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ቅጾች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ይወጣል። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረቡ ከተደረሰበት ማመልከቻው ውድቅ ከመሆኑም በላይ ለሦስት ዓመት ሌላ ቪዛም ሊያስከለክላቸው ይችላል።

ለእናንተ የሚቀረው የተሻለ መንገድ 870 የሚባለው ጊዜያዊ የወላጅ ቪዛ ነው። የቤተሰብ ሚዛን አይጠየቅበትም፤ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ይሰጣል፣ ሲታደስም በድምሩ ከአሥር ዓመት አያልፍም። ስፖንሰሩ ወንድምዎ አስቀድሞ መጽደቅ አለበት፣ ወላጆችም በቆይታቸው ሥራ መሥራት አይችሉም። ቋሚ መኖሪያ አያስገኝም፤ ነገር ግን ለቋሚው 103 ቪዛ የሚጠበቀው ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ መሆኑን ሲያስቡት ይህ የሚናቅ አይደለም። ከ103 የበለጠ ገንዘብ የሚከፈልበት 143 የተባለው ቋሚ የወላጅ ቪዛ ፈጠን ቢልም ዛሬ ለሚያመለክት ከአሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ እርሱም ያንኑ መለኪያ ይጠይቃል።

ስለ እርስዎ የጠየቁት 115 የተባለው «የቀረ ዘመድ» ቪዛ፣ አውስትራሊያ ካሉት በስተቀር ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ለሌለው ሰው ነው። አዲስ አበባ፣ ሪያድና አጋሮ ዘመድ አለዎት፤ ትዳር ካለዎት የባለቤትዎም የቅርብ ዘመዶች ይታያሉ። ይህን በሩን ዝጉት።

ምላሽ 4 (ከዋሽንግተን)

ከወዲህ በኩል እንደዚህ ያለ ቆጠራ የለም፤ ዕድሜው 21 የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ወንድምና እህቶቹ የትም ቢኖሩ ለወላጁ ማመልከት ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሁለቱን አገር እያደባለቀ የሚመክረው።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ጉዳዩን አነበብሁላቸው፤ ስለ 870ው አልጠየቁኝም፣ «አጋሮ ያለችዋስ ተጻፈች?» አሉ። ተጽፋለች አልኋቸው። የልደት ምስክር ወረቀቷን ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለማውጣት ነገ አብረን እንሄዳለን፤ በወላጆቻችን ማስረጃ ላይ የልደት ዘመኑ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር የተዛነፈ ስለሆነ፣ ከመተርጎሙ በፊት እርሱን ማስተካከል ይቀድማል።